ከግድግዳ የወረደው ኮት

በእነዚያ ዓመታት መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ ፎቶ የተነሣ ወንድ ሁሉ የለበሰው አንድ ኮት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀጫጭን ነጭ መስመር አለበት፤ ከውስጡ ነጭ ሸሚዝና ቀይ ክራባት አለው። ኮቱን ማንም በእጁ ነክቶት አያውቅም። የሚኖረው የአክስቴ ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ሰው በሹራቡ፣ በጋቢው ወይም በበርኖሱ መጥቶ ይነሣል፤ እኔ ጭንቅላቱን ቆርጬ ኮቱ ላይ አስቀምጥለታለሁ። የኮቱ የመጀመሪያ ባለቤት ማን እንደሆነ አናውቅም። አክስቴ ሥራውን ስትጀምር ደብረ ብርሃን ካለ ፎቶ ቤት በሲዲ ተሰጥቷት ነው። ክሳዱ ሰፊ ስለነበር ቀጫጭን ሰዎች ሲለብሱት ከጉድጓድ ውስጥ ብቅ ያሉ ይመስላሉ። ቢሆንም ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ለቀበሌ መታወቂያም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ያው ኮት ነበር።

እኔ ያኔ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ዲግሪ የያዘ ሁሉ ወጥቶ ድንጋይ ያንጥፍ የሚባልበት ጊዜ ነበር። እትዬ፣ አክስቴን የምጠራት እንዲህ ነው፣ ይህን ስትሰማ፣ "ድንጋይ ከምትፈልጪ እኔ ዘንድ መጥተሽ የሰው አንገት ቁረጪ" ብላ ወሰደችኝ። ሥራው ለእኔ ታስቦ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። እትዬ ከፊት ሆና "ቀና በሉ፣ አገጭ ዝቅ፣ ምነው የተቆጡ መሰሉ" እያለች ታነሣለች። እኔ ለደንበኛው ጀርባዬን ሰጥቼ ኮት አለብሳለሁ።

የድሮው ኮምፒዩተራችን ሲነሣ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ ነበር። ከየሰዉ ፍላሽ የገባበትን ቫይረስ ሁሉ በየጠባዩ ለይቼ አውቀዋለሁ። አንዱ ፋይል ይደብቃል፣ አንዱ ፋይል ያበዛል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳያደርግ በየቀኑ ሰላምታ ይሰጣል። በጥቅምት መጨረሻ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። አዲስ አበባ የሚኖረው የእትዬ ልጅ የአንድ የውጭ እርዳታ ቢሮ ሾፌር ነበር። ቢሮው ሊዘጋ ስለሆነ ዕቃውን እየሸጠ እንደሆነ ነገረን። "የፈረንጆቹ ኮምፒዩተር ነው" አለ በስልክ። "ለፎቶ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ። ቫይረስ የሚባል ነገር አያውቅም።"

እትዬ ስልኩን ዘግታ፣ "ሕመም የማያውቅ ነገር ደግ አይደለም" አለች። ግን ተስማማች።

እኔም ጠንቃቃ ነኝና አሮጌው ሳይሞት ንብረቱን አወጣሁ። ስክሪኑ ላይ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። "ኮት" የሚለውን፣ "ቀሚስ" የሚለውን፣ ፏፏቴና ቤተ መንግሥት ያለበትን "ጀርባ" የሚለውን። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። አንድም አልጎደለም።

አዲሱ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ መጣ። እትዬ ቤት እስኪደርስ አልታገሠችም፤ መናኸሪያው ላይ ፈታችው። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ። ፍራሹን ገለበጠችው፣ አራገፈችው።

"ሳጥኑስ?" አለች የአውቶቡሱን ረዳት።

"የምን ሳጥን?"

"የኮምፒዩተሩ ሳጥን! አንጎሉ!"

"እትዬ ትሙት፣ የሰጡኝ ይህንኑ ነው።"

"አንጎሉን ሽጠህ ዓይኑን ታመጣልኛለህ?"

ረዳቱ ማለ፣ ተገዘተ። እትዬ ከአውቶቡሱ ፊት ቆማ አላሳልፍም አለች። ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ እያለ ዳኛ ሆነ። አንዱ "ቴሌቪዥን ነው የገዛሽው" አላት፤ አንዷ "ረዳት የማይሰርቀው ምን አለ" አለች። እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር በመጽሔት ላይ አይቻለሁ፤ ሳጥኑ ስክሪኑ ውስጥ ነው። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገር? የእትዬን ነጠላ ሦስት ጊዜ ጎተትኩ። በአራተኛው ጎንበስ አለችልኝ።

"ውስጡ ነው" አልኳት በጆሮዋ።

"ምኑ?"

"ሳጥኑ። ስክሪኑ ውስጥ ነው ያለው።"

ስክሪኑን በጎኑ አዙራ አየችው። "ይሄ? ይሄማ የዳቦ ውፍረት የለው!" አለች። ቢሆንም ተሳፋሪው እያጉረመረመ ስለነበር መንገዱን ለቀቀች። ለረዳቱ ማስታረቂያ አንድ ፎቶ በኮት ቃል ገባችለት። በማግስቱም አሮጌውን ኮምፒዩተር በዚያው አውቶቡስ ለልጇ ላከችለት፤ ፈታትቶ የሚሆነውን ይጠቀምበት ብላ።

አዲሱን ሳበራው አልጮኸም። አንድ ጊዜ ብቻ እንደ በገና ድምፅ አሰማና ዝም አለ። የለመድኩት የስታርት ምልክት የለም። መዝጊያው ከቀኝ ወደ ግራ ሄዷል፤ ዘግቼዋለሁ ያልኩት ፕሮግራም ደግሞ አይዘጋም። ከታች የተደረደሩት ሥዕሎች ማውሱ ሲያልፍባቸው እየተነፉ ይመለሳሉ። ማውሱ ቀኝ ቁልፍ የለውም። እኔ ደግሞ ያለኝን የኮምፒዩተር ዕውቀት ሁሉ የያዝኩት በቀኝ ቁልፍ ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ቋንቋው ነው። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ይመስላል፤ ቃሉ ግን አይደለም። አንዳንዱ ፊደል ራሱ ላይ ሁለት ነጥብ ተሸክሟል። ፈረንጆቹ የየት አገር ሰዎች እንደነበሩ የእትዬ ልጅም አያውቅም፤ "ረጃጅሞች ናቸው" ነው ያለኝ።

ቃሉን ማንበብ ስላልቻልኩ ቦታውን ማጥናት ጀመርኩ። አንድ ደብተር ይዤ፣ "ከላይ ሦስተኛው፣ ከታች ሁለተኛው፦ መቁረጥ"፣ "ሁለት ቁልፍ ሲመጣ ግራውን መንካት፣ ቀኙን ፈጽሞ አለመንካት" እያልኩ ጻፍኩ። ቀኙ ምን እንደሚያደርግ ከአንዲት ሙሽራ ፎቶ ተምሬዋለሁ። ደግነቱ ሙሽራዋ ቅርብ ስለነበረች እንደገና ተነሣች።

እትዬ ደግሞ በራሷ መንገድ ልታውቀው ትሞክራለች። አንድ ምሽት ሱቅ ስንዘጋ ከስክሪኑ ሥር አንዲት ትንሽ መብራት ቀስ ብላ ስትበራና ስትጠፋ አየች።

"ይተነፍሳል" አለች።

"አልጠፋም እትዬ፤ ተኝቶ ነው።"

"በዚህ ውርጭ? ሳይለብስ?"

ኅዳር ገብቶ ነበር፤ የመንዝ ውርጭ በኅዳር የውሃ ባልዲ ያረጋል። እትዬ ከቤቷ ወፍራም የሱፍ ባና አምጥታ ኮምፒዩተሩን ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። ጠዋት ስንገልጠው እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጅ ነበር። ጀርባውን በመዳፏ ዳሰሰችና በነቀፌታ አየችኝ። "አተኩሶታል። ቫይረስ አይዘውም ያላችሁኝ ውሸት ነው።"

ሽማግሌው የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርሱ፣ ጥቁር በርኖስ የሚለብሱ፣ ቀጭንና ድምፀ ትልቅ ሰው ናቸው። የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ በመጪው እሑድ፣ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ደግሰዋል።

"ልጄ ክፉ አይደለም" አሉ ለእትዬ፣ ስለ ትልቁ ልጃቸው። "ግን እጁ አይፈታም። እኔ ብሞት ሰዉን በአንድ በግ መረቅ ሊሸኝ ነው። ስለዚህ እያየሁት ይበላ።"

"ደግ አደረጉ ጋሼ" አለች እትዬ።

"ዳሱ ውስጥ ፎቶዬ ይሰቀላል። የማን ተዝካር እንደሆነ ይታወቅ።"

"እርስዎ እዚያው ተቀምጠው እያሉ?"

"ታዲያ? ሙሽራስ እዚያው ተቀምጦ አይደለም ፎቶው የሚሰቀለው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ የወንድሜን ኮት ነው የምታለብሺኝ። ሌላ ኮት አልፈልግም።"

ታላቅ ወንድማቸው የሞቱት ባለፈው በልግ ነው። ለለቅሶው የተያዘውን ትልቅ ፎቶ ኮት ያለበስኩት እኔ ነኝ።

"ልጆች ሳለን አንድ በርኖስ ነበረን፣ ለሁለት" አሉ። "እሱ ገበያ ከሄደ እኔ ቤት እቀራለሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ እሱ በሩቁ ይሳለማል። አሁንም አንድ ኮት ይበቃናል።"

ፎቶውን ተነሡ። "እሑድ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ላየው" ብለው ሄዱ። እኔም ፍላሹን ሰክቼ "ኮት" የሚለውን ከፈትኩ። ምንም የለም። "ቀሚስ"ን ከፈትኩ። ምንም የለም። "ጀርባ"ም ባዶ ነው፤ ፏፏቴው ደርቋል። ያኔ ነው በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ልብ ያልኳት። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ያወጣኋቸው ፋይሎቹን አልነበረም፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚጠቁሙትን ምልክቶች ነው። ቤቱ ሲፈርስ የበሩን ቁልፍ ይዞ እንደወጣ ሰው ሆንኩ። የኮምፒዩተር ትምህርት ኤ ነበር ያመጣሁት። እርግጥ ነው፣ ለአርባ ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ስለነበረ የተማርነው በአብዛኛው በሰሌዳ ላይ ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ነበርና እየሮጥኩ ወጥቼ ለእትዬ ልጅ ደወልኩ።

"አሮጌው ኮምፒዩተር ደረሰህ?"

"ደርሶኛል! ፎርማት አድርጌ አጸዳሁት፤ እንደ አዲስ ሆኗል!"

"ውስጡ የነበረውስ?"

"ምን ይተርፋል! የቫይረሱን ብዛት ብታዪ ጉድ ትያለሽ።"

ጉብታው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። የሞላሌ ቆርቆሮዎች ከሥሬ ያብረቀርቃሉ፤ በየቆርቆሮው ሥር ያ ኮት ተሰቅሏል።

ነገሩን ሦስት ቀን ደበቅሁ። ለሚመጣው ሁሉ "መብራቱ አቅም የለውም" አልኩ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት በማላውቀው ፕሮግራም፣ በማላነበው ቋንቋ ኮት ልሥል ሞከርኩ። የወጣው ነገር ለሰው ሳይሆን ለገብስ ማሳ ማስፈራሪያ የሚለበስ ነው። የሽማግሌውን ራስ አስቀምጬበት ሳየው ደንግጬ አጠፋሁት። በአራተኛው ቀን ለእትዬ ተናዘዝኩ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ሳቀች።

"ወየው የኔ ምሁር! ታዲያ ኮቱ የት ይሄዳል? የሞላሌ ግድግዳ ሁሉ ላይ ተሰቅሎ የለም?"

በዚያ በኩል አላሰብኩትም ነበር። ታትሞ የወጣው ኮት እኮ አልጠፋም። ጉርድ ፎቶዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ግን አይረቡም። ትልቅና ጥርት ያለው አንድ ነው፤ የሟቹ ወንድም ፎቶ፣ መበለቲቱ ቤት።

"ነገ ሂጂና ለምነሽ አምጪው፤ እዚህ ፎቶ እናነሣዋለን።"

"ካሜራውን ይዤ ልሂድ?"

"በገበያ ቀን? ያለችን አንዲት ካሜራ፤ እኔ ሰዉን በምን ላነሣ ነው?"

"እንግዲያውስ አንቺ ሂጂ፣ እኔ ሱቁን..."

"አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ 'አገጭ ዝቅ' ልትዪ?" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየተለማመድኩ ሄድኩ። መበለቲቱ አሁንም ጥቁር ለብሰዋል። ፎቶው ከአልጋቸው በላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ሆኖ ከሰፊው ክሳድ ይመለከተኛል። ሰላምታዬን ጨርሼ፣ "እማማ፣ የባለቤትዎን ኮት ልዋስ ነበር" አልኩ።

"ኮት? ኮት ኖሮት አያውቅም።"

"የፎቶውን ነው።"

"ከፎቶው ላይ ልታወልቂበት?"

"ኧረ አይደለም! ቅጂውን ብቻ ነው የምወስደው፤ የእሳቸው እንዳለ ይቀራል። ለወንድማቸው ነው፣ ለእሑዱ።"

መበለቲቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። "በርኖሷን ዕድሜ ልኩን ሲሻማው ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ኮቱን! እንደው ይሄ ሰውዬ ሙቶም አላሳረፈውም።" ቀና ብለው ፎቶውን አዩት። "ይሁን። ቢኖር ይሰጠው ነበር። ግን ፍሬሙ አይከፈትም፤ ብቻውንም ከቤት አይወጣም። እኔም አብሬው እመጣለሁ።"

እንዲህ ሆነን ወጣን፦ እኔ ፎቶውን አቅፌ ከፊት፣ መበለቲቱ በጥቁር ልብሳቸው ከኋላ። ፎቶውን በነጠላዬ ሸፍኜዋለሁ። መስታወቱ በሹራቤ እንዳይፋቅ ብዬም ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌዋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብያለሁ። ገበያው ዳር ስንደርስ የመንዝ ነፋስ ነጠላውን ገፎ አንገቴ ላይ ጠመጠመው።

በአገራችን የሰው ፎቶ በደረት ታቅፎ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ተከትላው በመንገድ ላይ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው። መጀመሪያ ያየችን አንዲት ቅቤ ሻጭ ናት። ቅሏን ቁጭ አድርጋ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ወይኔ! ማን ሞተ?"

ከሩቅ የሚታየው ኮቱ ነው። ኮቱ ደግሞ የሁሉም ነው። ሽንኩርት ሻጯ "ወይኔ ወንድሜ!" ብላ እየጮኸች መጣች፤ ቀርባ ስታየው ወንድሟ አይደለም። አፈረችና እዚያው ቀርታ ማልቀሷን ቀጠለች። ሌላዋ አማቿ መስለዋት መጣች። ሌላዋ የቀበሌው ሊቀ መንበር መስለዋት መጣች፤ እሷ እንኳ ብዙ አልጮኸችም። በመጨረሻ አንዲት በደንብ አየሁ ያለች ሴት፣ "የቁም ተዝካር የደገሱት ሽማግሌ ናቸው! እሑድን ሳያዩ!" አለች። ወንድማማቾቹ በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? አንዲት አልቃሽ ወዲያው ግጥም አወጣች፦

በጉን አስሮ፣ ጠላውን ጠምቆ፣
ምነው ሄደ ጌታው ከድግሱ ርቆ።

ወደ መበለቲቱ ዞርኩ፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃል። እሳቸው ግን ከሁሉም በላይ እያለቀሱ ነው። ኋላ ስጠይቃቸው፣ "ያለቀሱት ለባሌ ፎቶ ነው፤ ለምን ልከልክል?" አሉኝ።

መሐል ላይ ቀረሁ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ልሄድ አልኩ፣ ሰዉ ከቦኛል። በዚህ መሐል ከቅመም ተራ በኩል አንድ ትልቅ ድምፅ ተሰማ።

"ማን ነው የሞተው?"

ሽማግሌው ናቸው። ለእሑድ ድግስ ቅመም ሊገዙ ወጥተዋል፤ የበርበሬ ቋጠሮ በእጃቸው ነው። ከፊታቸው የቆመ ሰው ሳይዞር መለሰላቸው።

"ያ የቁም ተዝካር የደገሱት ሰውዬ ናቸው።"

"እኔ?"

ሰውየው ዞረ። ያሳየው ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

"ምን አገኘኝ?" አሉት ሽማግሌው።

ሴቶቹ አማተቡ። አንዲቷ "ሰይጣን ነው!" ብላ ሸሸች፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ ሲገፉ የአንዱ የእንቁላል ሰፌድ ተገለበጠ። ፎቶው ከእጄ ሊወድቅ ሆነ። መስታወቱ ከተሰበረ ኮቱ አለቀ፤ ኮቱ ካለቀ እሑድ የለም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ።

"ማንም አልሞተም! ኮቱን ብቻ ነው የምንፈልገው!"

ገበያው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አይቶኝ አያውቅም። ሁሉም እኔን፣ ከዚያ ኮቱን፣ ከዚያ ሽማግሌውን አዩ።

ወሬው ግን ከእኔ ድምፅ ይልቅ ፈጣን ነበር። የሽማግሌው ትልቅ ልጅ ከአውድማ እየሮጠ መጣ። በእጁ መንሽ ይዟል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ጺሙ በገብስ እብቅ ተሸፍኗል። አባቱን ቆመው ሲያይ መንሹን ጥሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሽማግሌው እጃቸውን ማጅራቱ ላይ አሳረፉ።

"ጨረስክ?" አሉት ቀጥለው።

"አባዬ..."

"እስቲ ሙቼ ቢሆን ስንት በግ አስበህ ነበር?"

"አባዬ፣ ይሄ አሁን..."

"ስንት?"

ልጁ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። የሚዋሽበት ጊዜ አላገኘም። "አንድ" አለ። "ምናልባት ጠቦት ጨምሬ።"

ገበያው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው በድል ወደ እኔ ዞሩ። "ይኸው! አላልኳችሁም?" ግን እጃቸውን ከልጁ ማጅራት ላይ አላነሡም። ወደ ታች አይተው፣ "ያለ ጫማ ነው የመጣኸው" አሉት ቀስ ብለው። "እሾህ ይወጋሃል።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፎቶውን ፍሬሙን ሳትከፍት አነሣችው። መበለቲቱ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ኮቱን በጥንቃቄ መቁረጥ ጀመርኩ። ከላይ ሦስተኛው፣ ከታች ሁለተኛው። የሟቹን አገጭ ከክሳዱ ስለይ መበለቲቱ በትከሻዬ ላይ ሆነው፣ "ቀስ በይ፣ እዚያ ጋ ጠባሳ አለው" ይሉኛል። ቅዳሜንም ጨምሬ ሠራሁ። ሲያልቅ ሁለቱ ቁልፎች መጡ። ግራውን ነካሁ። ከዚያ ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀመጥኩና በየጥጉ ቀስት አለመኖሩን አረጋገጥኩ።

አንድ ነገር ብቻ አልወጣ አለኝ። የእትዬ መብራት መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ በግራው ደረት ላይ አንዲት አጭር ነጭ ሰረዝ ጥሏል። ባጠፋት ጨርቁ አብሮ ይጠፋል። እንዳለች ተውኳት።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ዳሱ ውስጥ ፎቷቸው ከሚሰቀልበት ሥር በበርኖሳቸው ተቀምጠው ጠበቁን። ልጃቸው ከራሱ መንጋ ሁለት በግ ጨምሮ አምጥቷል፤ አባትየው ለገባው ሁሉ ይህንኑ ይናገራሉ። ፎቶውን ስንሰቅለው ቀና ብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

"የሱ ነው" አሉ ስለ ኮቱ። "ራሱ ነው።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ደረቱ ቀሰሩ። "ይቺስ ነጯ ምንድን ናት?"

እኔ ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አልችልም፤ ማስረዳትም አልችልም። እትዬ ግን ቀልጠፍ ብላ፣ "የክብር ናት ጋሼ" አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ተቀመጡ። ከጎናቸው የነበሩት መበለቲት ጠላቸውን ተጎንጭተው ፎቶውን አዩና፣ "በሱ ላይ ይበልጥ ያምር ነበር" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሞላሌ ወንድ ሁሉ የሚለብሰው ያንን ከግድግዳ የወረደ ኮት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአውቶቡሱ ረዳት የተገባለትን ፎቶ ሊነሣ መጣ። እትዬ "አገጭ ዝቅ" ብላ አነሣችው። ጨርሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ" አለኝ፣ ደረቱን በጣቱ እየነካ፣ "ያቺን የክብሯን እንዳትረሺብኝ።"